ንጉሥና ንግሥት በአንድ ፊደል

የመጫወቻ ካርታ በኮድ ለመሥራት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሥዕሉ ነው። ንጉሡን ማን ይሥልልኛል ይላል። ሥራው ሲጀመር ግን ራስ ምታቱ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ከጥጉ። እያንዳንዱ ካርታ ጥጉ ላይ አንድ ትንሽ ምልክት አለው። እንግሊዝኛው ለንጉሥ፣ ለንግሥትና ለጃክ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች አሉት። እስቲ በአማርኛ እንሞክር፦ ንጉሥ «ን»፣ ንግሥትም «ን»። በቃ፣ ገና ሳንጀምር ተጋጨ። ሁለት ነገር በአንድ ቁልፍ ካስቀመጥክ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደሚያጠፋው ኮድ የጻፈ ሁሉ ያውቃል።

ደስ የሚለው፣ ግጭቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞችንም ገጥሟቸዋል። ዛሬ ሁላችንም «ጃክ» የምንለው ካርታ በዚህ ስም የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሥሩ እንየው።

ካርታ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ፍሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1377 ጨዋታውን የሚመለከት ክልከላ አውጥታለች። የመጣውም ማምሉኮች ይገዟት ከነበረችው ግብፅ እንደሆነ ይታመናል። ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተጠበቀ የማምሉክ ካርታ አለ፤ ምልክቶቹ ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ ናቸው። የሰው ምስል የለበትም። ንጉሡና ሁለቱ ምክትሎቹ የሚለዩት በተጻፈ ማዕረጋቸው ነው። ምክትል በዐረብኛ «ናኢብ» ይባላል። የምጽዋን ዳርቻ ይገዙ የነበሩትን የአርቂቆ ናይቦች ታሪክ ያነበበ ሰው ቃሉ አዲስ አይሆንበትም። ጣሊያኖች ጨዋታውን በዚሁ ቃል ጠሩት፤ ስፔኖች እስከ ዛሬ ካርታን «ናይፔ» ይሉታል። ልብ በሉ፤ እዚህ ጋ ንግሥት የለችም። እሷን ያስገቧት አውሮፓውያን ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የፈረንሳዮች ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ልቡን፣ ዳይመንዱን፣ ስፔዱንና አበባ የሚመስለውን ምልክት ይዘው መጡ። እነዚህ ያሸነፉት ስለሚያምሩ ብቻ አይደለም። ቅርጻቸው ቀላል ነው፣ እያንዳንዳቸውም በአንድ ቀለም ይሠራሉ። ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ወረቀት ካርታው ላይ ታስቀምጣለህ፣ በላዩ ቀለም ትቀባለህ፣ አለቀ። በእንጨት ላይ መቀረጽ ያለባቸው የሰው ምስሎቹ ብቻ ሆኑ። ከአንድ እስከ አሥር ባሉት 40 ካርታዎች ላይ በጠቅላላው 220 ምልክት ይኖራል፤ ይህን ሁሉ በእጅ ከመሣል አራት ቅርጽ ቆርጦ መደጋገም ርካሽ ነበር።

ዛሬ በኮድ ስንሠራም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ልቡን አንድ ጊዜ በመስመርና በኩርባ እንገልጸዋለን፤ ከዚያ ፕሮግራሙን «እዚህ፣ እዚህና እዚህ አስቀምጥ» እንለዋለን። የላይኛውን ግማሽ ሠርተን 180 ዲግሪ ስናዞረው የታችኛው ይሆናል። አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የተቆረጠው ወረቀት ስሙን ቀይሮ ፈንክሽን ሆነ እንጂ።

ወደ ጥጉ እንመለስ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጥጉ ባዶ ነበር። ተጫዋቹ ካርታውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ማየት ነበረበት። የጥግ ምልክት የተስፋፋው አሜሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ነው። ካርታውን በአንድ እጅ ጠበብ አድርጎ መያዝና ጫፉን ብቻ እያዩ መጫወት ተቻለ። እዚህ ላይ ነው እንግሊዝኛው የተጋጨው። ሦስተኛው ሰውዬ የቀድሞ ስሙ «ኔቭ» ነበር፤ ሎሌ እንደማለት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የመጀመሪያ ፊደሉ ከንጉሡ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛ ፊደል ቢጨመርለትም፣ ካርታው እጅ ውስጥ ሲጠጋጋ ሎሌው ንጉሥ መስሎ ይታያል። መፍትሔው «ጃክ» የሚለውን የሕዝብ ስም መውሰድ ሆነ።

ችግሩ «ጃክ» የተርታ ሰው ቃል ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1861 ባጠናቀቀው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ውስጥ ኢስቴላ የምትባለዋ ልጅ ፒፕን በዚህ ቃል ታንቋሽሸዋለች፤ ኔቭ በማለት ፈንታ ጃክ ስላለ። የእሷ ወገን ግን ተሸነፈ። ከጨዋ ቤት ቃል ይልቅ በጨረፍታ የሚነበበው ቃል አሸነፈ።

እንግዲህ እኛስ? «ንግሥት»ን ትተን «እቴጌ» ብንል «እ» እናገኛለን። ሦስተኛው «ሎሌ» ከሆነ «ሎ»። ን፣ እ፣ ሎ፤ ሦስቱም ይለያያሉ። በቴክኒክ በኩል ተፈታ። ግን ካርታ ላይ የምትጽፈው ማዕረግ ነው፤ ማዕረግ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፈረንሳዮች በአብዮታቸው ዘመን ነገሥታቱን ከካርታ አውርደው በእነሱ ፈንታ የነጻነትና የእኩልነት ምስሎችን አስገብተው ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ንጉሡ ተመለሰ። የእኛ ንጉሠ ነገሥት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደዋል። ታዲያ የአማርኛ ካርታ ላይ ዘውድ ስናስቀምጥ ለአንዱ ትዝታ ነው፣ ለሌላው ቁስል። «ሎሌ» የሚለው ቃልም እንደዚያው፤ የማንን አያት ነው እዚያ ያስቀመጥነው?

ቁጥሮቹ ግን ደስ ይላሉ። በላቲኑ ካርታ ላይ ሁለት ምልክት የሚፈጀው ብቸኛው ቁጥር 10 ነው። በግእዝ አሥር አንድ ምልክት ነው፤ ፲። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሲገባ ከ፩ እስከ ፲ ያሉት ከ4969 እስከ 4978 ተከታትለው ተቀምጠዋል። 4968 ላይ የካርታውን ቁጥር መደመር ነው፤ አንድ መስመር ኮድ። ዩኒኮድ ለራሱ ለካርታ የሰጠው ቦታ እንኳ እንዲህ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲገባ በጃክና በንግሥት መካከል ፈረሰኛ ተጨመረ፤ በጣሊያን ታሮት ውስጥ የሚገኝ አራተኛ ባለማዕረግ። ሳያውቅ ከ1 እስከ 13 የቆጠረ ፕሮግራመር ንግሥቲቱን ሲጠራ ፈረሰኛው ይመጣበታል።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ስንቶቻችን ነን ፮ንና ፯ን በግማሽ ሰከንድ የምንለይ? ዓይናችን የሰለጠነው በሌላ ቁጥር ነው፤ ብዙዎቻችንም በኮምፒውተር ሶሊቴር። በጨረፍታ የማይነበብ ካርታ ደግሞ የግድግዳ ጌጥ እንጂ መጫወቻ አይሆንም። ስለዚህ እኔ በምሠራው ላይ ግራው ጥግ ፯ን፣ ቀኙ ጥግ 7ን ይይዛል። ሦስቱ ማዕረጎች ከኮዱ አናት ላይ በሦስት መስመር ተጽፈዋል፤ ዘውድ የማይፈልግ ሰው እነሱን ብቻ ቀይሮ 52ቱን እንደገና ያትማል። እንግሊዞች ኔቭን በጃክ ለመተካት ማተሚያ ቤቶቻቸውንና ጨዋ ተጫዋቾቻቸውን ማስለመድ ነበረባቸው። ኮድ ማተሚያውን ይተካል፤ ለተጫዋቾቹ ግን አሁንም ቁጭ ብሎ መጫወት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ሰው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ሲጥል ሳያስበው ከአፉ የሚወጣው ስም የትኛው እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።