መስከረም ሲጠባ ባሕር ያምረናል

ክረምት ሲወጣ ከመሀላችን አንዱ ይነሳና "ዘንድሮስ ባሕር ሳናይ አንቀርም!" ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ጭቃ ሲረግጥ የከረመ የአዲስ አበባ ልጅ መስከረም ላይ ፀሐይና አሸዋ ቢያምረው አይፈረድበትም። ወዲያው ምጽዋ፣ ጅቡቲ፣ በርበራ እየተባለ ካርታ ይዘረጋል። ከዚያ ኪስ ይዳበስና ጨዋታው ይዘጋል።

ዘንድሮ ጨዋታው ሲዘጋ የሄድነው ተፍኪ ነው። አትሳቁ! ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ወደፊት። ክረምቱን አዋሽ ሞልቶ የፈሰሰበት ሜዳ መስከረም ላይ ገና ውሃ እንደያዘ ነው። ከመንገዱ ማዶ ዓይን እስኪታክተው ውሃ፣ በውሃው ላይ ወፎች፣ በዳሩ አደይ አበባ። አየሩ ደግሞ ቀን ሞቅ፣ ማታ ቀዝቀዝ ይላል። በአማርኛ ሐይቁም ባሕር ነው፤ ባሕር ዳርን የሚያውቅ ይመስክር። ስለዚህ አንዳችን ፎቶ ተነስቶ "ከባሕር ዳርቻ" ብሎ ቢልክ ሙሉ በሙሉ ዋሸ አይባልም።

እዚያው ቆመን ነው እንግዲህ ጥያቄው የመጣው። ለመሆኑ በመስከረም ወደ እውነተኛው ባሕር ብንሄድ ምን ዓይነት አየር ይቀበለን ነበር? ከእኛ በፊት የነበሩትስ መቼ ነበር የሚሄዱት?

ቱትና መስከረም

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በግሪክኛ የተጻፈ አንድ የመርከበኞች መመሪያ አለ። "የኤርትራ ባሕር ጉዞ" እየተባለ ይጠራል። ስለ አዱሊስ ወደብና በስተጀርባዋ ስላለው የአክሱም አገር ይነግረናል፤ በወደቧ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚወጣ (የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ) ይዘረዝራል። ከዚያ ከግብፅ ወደ አዱሊስ ለመነሳት ከሁሉ የሚሻለውን ወር ይጠቅሳል፦ ቱት። ቱት የግብፃውያን የመጀመሪያ ወር ነው፤ ማለትም የእኛው መስከረም።

በመስከረም ወደ ባሕሩ ዳርቻ መምጣት ጥንታዊ ልማድ ነበር ብላችሁ ለመደሰት አትቸኩሉ። መርከበኛው ወሩን የመረጠው ለነፋሱ ነው። በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል በክረምት ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ በጥቅምት ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣል። በአንዱ ነፋስ መጥቶ በሌላው መመለስ የሚፈልግ ነጋዴ ይህን ማስላት ነበረበት። ሙቀቱን የሚችለው ለትርፍ ሲል ነው። የኛ ዓይነቱ "ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ" ባይ በመመሪያው ውስጥ የለም።

ደጋው ላይ የተቀመጠው የባሕር ገዢ

በመካከለኛው ዘመን ያንን ዳርቻ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያስተዳድረው ሹም "ባሕረ ነጋሽ" ይባል ነበር። ታዲያ መቀመጫው የት ነበር? ድባርዋ፣ ደጋው ላይ! በስሙ ባሕር ያለበት ሹም ከባሕሩ ርቆ፣ ነፋሻው አገር ላይ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1541 ምጽዋ ላይ የወረደው ክሪስቶቮ ዳ ጋማና 400 ያህል ፖርቱጋሎቹም ቢሆኑ ዳርቻው ላይ አልቆዩም፤ ወደ ድባርዋ ወጥተው ነው ክረምቱን ያሳለፉት።

በመስከረም ምጽዋን የቀመሰ ሰው ካስፈለገ ግን አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምጽዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1769 ነው። ሐሳቡ ቶሎ ወደ ጎንደር መውጣት ነበር፤ የአካባቢው ገዢ ናይብ ግን እጅ መንሻ እየጠየቀ፣ ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ወር ገደማ አቆየው። ወደ ደጋው መንገድ የጀመረው በኅዳር፣ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። በመጽሐፉ ስለ ምጽዋ ሙቀትና በሽታ የጻፈውን ያነበበ ሰው የመስከረም ሽርሽሩን ደግሞ ያስብበታል።

እንግሊዞች ከመቶ ዓመት በኋላ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ የወራቱ ነገር ገብቷቸው ነበር። ቀዳሚው ቡድን ዙላ የደረሰው በጥቅምት 1867 (እ.ኤ.አ.)፣ ጄኔራል ናፒየር ራሱ የወረደው በጥር 1868 ነው፤ ዳርቻው ሲበርድ ማለት ነው። 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዘው በመጡበት በረሃ የሚጠጣ ውሃ ስላልነበረ መርከቦቻቸው የባሕሩን ውሃ እያጣሩ ያጠጡ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ፤ ሠራዊቱ ደግሞ የደጋው ክረምት ሳይበረታ በሰኔ ከአገር ወጣ።

ጣሊያኖችም ምጽዋን የያዙት በጥር ነው፣ በጥር 1877 ዓ.ም.። ያገኙትን ወደብ ዋና ከተማ አደረጉት፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከሙቀቱ ጋር ታገሉና መንግሥታቸውን ወደ አስመራ አወጡት። ከዚያም ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ባቡር አስመራ ድረስ በ1904 ዓ.ም. አደረሱ። ሥራ ታች፣ ኑሮ ላይ ሆነ።

ምጽዋ ዝናቧ በበጋ ነው

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ምጽዋና አዲስ አበባ ወራታቸው አይገጥምም። እኛ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ስንጠጣ ምጽዋ ትነዳለች፤ እኛ በጥር "በጋ ነው" ስንል ጥቂቷ ዝናብ የምትጥለው ለእሷ ነው። መስከረም ላይ ምጽዋም ሆነች ጅቡቲ ቀኑን ከ35 ዲግሪ በላይ ናቸው። በጥር ግን ሁለቱም ከ30 በታች ይወርዳሉ። ለዚህም ነው ምጽዋ ያለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የበጋ ማረፊያ የነበረው። ያ ቤተ መንግሥት በጦርነቱ ተመትቶ ዛሬ ፍርስራሹ ነው የቀረው።

ይህን ከነገሥታቱም ከጄኔራሎቹም ቀድመው የሚያውቁት ግን እዚያው የሚኖሩት ናቸው። የሳሆና የትግረ ከብት አርቢዎች በክረምት ከብታቸውን ወደ ደጋው አውጥተው፣ በበጋ የዳርቻው ዝናብ ሣር ሲያበቅል መልሰው ያወርዷቸዋል። አንዱ ዝናብ ሲያልቅ ሌላውን መከተል ነው። ዛሬም የጅቡቲ ቤተሰቦች ሙቀቱ ሲጠናባቸው ወደ ድሬዳዋ ይመጣሉ። እኛ "ለአየሩ ብለን" ወደ ባሕሩ ልንወርድ ስናስብ የባሕሩ ሰው ለአየሩ ብሎ ወደ እኛ ይወጣል!

እውነቱን እንናገር፣ ይህን ስናነብ አፍረናል። የእኛ ትውልድ ባሕሩን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በካርታና በክርክር። ኤርትራ በመስከረም 1945 በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፣ በግንቦት 1985 ነፃ አገር ሆነች፣ በ1990 ጦርነት ተነስቶ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነታችን ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህን ሁሉ በቃላችን እንወጣዋለን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ወሬ ከቤተ መንግሥት እስከ ሻይ ቤት ደርሷል፤ "የእኛ ነበር" ባዩም "ተዉት" ባዩም ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል። ከተከራካሪዎቹ መሀል ምጽዋ ውስጥ ዝናብ በየትኛው ወር እንደሚዘንብ የሚያውቅ ስንት ይሆን? እኛ እስከ ዘንድሮ ድረስ አናውቅም ነበር። የአንድ ቦታ ባለቤትነት ላይ ይህን ያህል ስንጮህ ስለ ቦታው ኑሮ ይህን ያህል አለማወቃችን ደግ ምልክት አይመስለንም። ባሕሩ ዳር ሰው አለ፤ ከብት ያወርዳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሙቀቱን ይሸሻል። ክርክራችን ውስጥ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የለም።

ከተፍኪ የሚነሱ ሁለት መንገደኞች

ወደ ተፍኪ እንመለስ። ከዚህ አካባቢ ወደ ባሕር የሚያቀኑ ሁለት መንገደኞች አሉ። አንዱ ባቡር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር ሐዲዱ የሚጀምረው ከሰበታ ነው፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። ሌላው መንገደኛ ደግሞ እግራችን ሥር ያለው አዋሽ ነው። በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ግን ባሕሩን አያይም፤ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

የተፍኪም "ባሕር" ቢሆን ለእኛ ፎቶ ነው እንጂ ለገበሬው ማሳው ነው። ውሃው በበዛበት ዓመት ሰብል ይበላል፣ ሰውም ከቤቱ ያፈናቅላል። በደህናው ዓመት ደግሞ ቀስ እያለ ይሸሽና መረሬውን አርሶ ይተወዋል፤ ገበሬውም በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ውሃው መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፎቶውን የላከው ጓደኛችንም ይህን ከሰማ በኋላ ጽሑፉን አጥፍቶ "ተፍኪ" ብቻ ብሎ ተወው።

ለማንኛውም ውሳኔያችን ይኸው ነው፦ መስከረምን እዚሁ እናሳልፋለን፤ የአገሩ ምርጥ አየር ያለው ደጃችን ነውና። ጥር ላይ ደግሞ ኪሳችን ከፈቀደ በባቡሩ እንወርዳለን። ስንደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ወደብ ኪራይ አይደለም። እዚህ ዝናብ መቼ መቼ ይጥላል ብለን ነው የምንጀምረው።