«ማስበላት»፦ የአሉሚኒየም ገጽ ዝግጅትና የአንድ ሙያዊ ቃል ታሪክ

አሉሚኒየም በሌላ ብረት አስተኔ ከመለበጡ ወይም ቅብ ከመቀባቱ አስቀድሞ ገጹ በአሲድ ወይም በአልካሊ መዘጋጀት አለበት። እንግሊዝኛው ይህን ተግባር «ኤች» በሚል አጭር ግስ ይገልጸዋል። ተርጓሚው ግን እዚህ ላይ ሲደርስ «ይፋቅ»፣ «ይጽዳ» ወይስ «ይቀረጽ» ልበል እያለ ያመነታል። ሦስቱ ቃላት አንባቢውን ወደ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ይመሩታል። «ይፋቅ» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ የብርጭቆ ወረቀት ያነሣል፤ «ይጽዳ» የተባለው ሳሙናና ውሃ ያቀርባል፤ «ይቀረጽ» የተባለው ደግሞ የትኛው ሥዕል እንደሚቀረጽ ይጠይቃል። ከፊቱ ያለው ገንዳ ግን ሥጋን የሚያቃጥል ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ የያዘ ነው።

የቃሉን ምርጫ ለመወሰን የሥራውን ታሪክ መመርመር ይበጃል። «ኤች» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው ምእት ዓመት ከሆላንድኛ ሲሆን፣ ሆላንድኛውም ቃሉን ያገኘው ከጀርመንኛ ነው። በጀርመንኛ «ኤሰን» ማለት መብላት ነው፤ «ኤትሰን» ደግሞ የዚሁ ግስ አድራጊ ቅርጽ በመሆኑ መነሻ ትርጉሙ «አበላ» ማለት ነው። ቃሉን በሙያ ካስለመዱት ሰዎች መካከል የጦር ልብስ ጌጠኞች ይገኙበታል። እነዚህ ጥበበኞች ብረቱን በሰም ወይም በቫርኒሽ ሸፍነው፣ ሥዕሉን በመርፌ ጭረው፣ የተገለጠውን መስመር አሲድ እንዲበላው ያደርጉ ነበር። የአውግስቡርጉ ጌጠኛ ዳንኤል ሆፕፈር ይህን ዘዴ በወረቀት ላይ ለሚታተም ሥዕል አዋለው፤ አልብረኽት ዱረርም እ.ኤ.አ. ከ1515 እስከ 1518 ድረስ በብረት ገበታ ላይ ሠራበት። ፈረንሳይኛው በበኩሉ የአሲዱን ሥራ «ንክሻ» ይለዋል። የብረት አስተኔን ገጽ በኬሚካል ማራቆትን ደግሞ «ካባ መግፈፍ» ከሚል ሥር በወጣ ግስ ይጠራዋል፤ ይህ አነጋገር ለአሉሚኒየም ምን ያህል እንደሚስማማ ከዚህ በታች ይታያል።

አሉሚኒየም ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። ኤርስቴድ በ1825 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ካወጣው በኋላ ለብዙ ዘመን ውድ ሆኖ ቆየ። በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ በኤሌክትሪክ የማውጣት ዘዴን ካገኙ ወዲህ ግን ረከሰ። ዳሩ ግን እንደ መዳብ ወይም እንደ ነሐስ ሊለብጡት ሲሞክሩ ልባጡ እየተላጠ አስቸገረ። ምክንያቱም አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያውኑ የኦክሳይድ ካባ ይደርባል። የካባው ውፍረት ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ቢሆን ነው። አሉሚኒየሙን ከጥፋት የሚጠብቀው ይኸው ካባ ልባጡን አላስጠጋ ይላል።

መፍትሔው በሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1923 እንግሊዛውያኑ ቤንጎና ስቱዋርት ካባውን በክሮሚክ አሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ አማካይነት ማወፈርን አስመዘገቡ፤ ይህም ዛሬ አኖዳይዝ ማድረግ የምንለው ነው። በ1927 ደግሞ በአሜሪካ ለሂውትሰን የፈጠራ መብት የተሰጠበት ዘዴ፣ ዚንክ ኦክሳይድ በሟሟበት ኮስቲክ ሶዳ ካባውን አሟሙቶ በእግሩ ስስ ዚንክ የሚተካ ነው። በዚያ ዚንክ ላይ መዳብ፣ ቀጥሎም ኒኬል ይለበጣል።

ከሁለቱም በፊት የሚቀድመው የተለመደው ዝግጅት ነው። በሊትር 50 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ የያዘ ውሃ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ቅባቱ አስቀድሞ የለቀቀው አሉሚኒየም ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል። ኦክሳይዱ ይሟሟል፤ ቀጥሎ አሉሚኒየሙ ራሱ ይበላል፤ ሃይድሮጂን እየፈላ ይወጣል፤ ገጹም አንጸባራቂነቱን ያጣል። እዚህ ላይ የቃሉ ትርጉም መለወጡን እናስተውል። ሠዓሊው የሚያስበላው ቫርኒሹ የተጫረበትን መስመር ብቻ ሲሆን፣ የተበላው መስመር የሥራው ፍጻሜ ነው። የአሉሚኒየም ሠራተኛ ግን ገጹን ሁሉ ያስበላል፤ ለእርሱ ይህ ገና ጅማሬ ነው። «መቅረጽ» ለሠዓሊው ቢስማማም ለዚህኛው የማይሆነው ስለዚህ ነው።

የስያሜ ነገር አንዳንዴ ያስቃል። በ1950 ለአውሮፕላን ሙጫ ሥራ የተጠናው የሰልፈሪክ አሲድና የሶዲየም ዳይክሮሜት ውሑድ እስከ ዛሬ «ኤፍ ፒ ኤል» ይባላል። ፊደሎቹ በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን የሚገኘውን የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ያመለክታሉ፤ የእንጨት ሙጫ ያጠኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው ወደ አሉሚኒየም የተሻገሩት። ተርጓሚ ፊደሎቹን ፈትቶ «የደን ማስበያ» ቢል ጉድ ይፈላል።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ ግስ አለው። ዝገት ብረትን፣ ብል ልብስን፣ እሳት ቤትን «በላ» እንላለን። «ልጁን እንጀራ አበላ» ስንል ተሳቢው በይው ነው፤ «አህያውን ጅብ አስበላ» ስንል ግን ተሳቢው የሚበላው ነው። ጀርመንኛው በአመጣጡ ወደ «አበላ» ሲጠጋ፣ እኛ ግን ስለ አሉሚኒየሙ ስለምንናገር «አስበላ» ይበልጥ ትክክል ነው። ከዚህ «ማስበያ ፈሳሽ»፣ «ማስበያ ገንዳ»፣ «የተበላ ገጽ» ይወጣሉ። በተጨማሪም በተፈጥሮ የሚደርሰው ጥፋት «መበላት»፣ በሰው ፈቃድ የሚደረገው «ማስበላት» ተብሎ በአንድ ሥር ይለያል።

«ገንዘቡን አስበላ» እንደሚባለው ቃሉ የኪሳራ ጠረን አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእኔ አስተያየት ጠረኑ ይጠቅማል፤ ጊዜው ካለፈ አሉሚኒየሙ በእርግጥ ይሳሳል፣ ይቦረቦራል። ይልቅስ መጠንቀቅ የሚገባው «ልባጥ»ን «ለበጣ» ብሎ ከመጻፍ ነው።

ከማስበላት በኋላ በገጹ ላይ ጥቁር ዱቄት ይቀራል፤ ይህም በአሉሚኒየሙ ውስጥ የነበሩና ያልሟሙ መዳብ፣ ብረትና ሲሊከን ናቸው። እንግሊዝኛው የሚለው «ስመት» ትርጉሙ ጥቀርሻ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። ትእዛዙ እንግዲህ፦ «ገጹ በኮስቲክ ሶዳ ይበላ፤ ይታጠብ፤ ጥቀርሻው በናይትሪክ አሲድ ይልቀቅ፤ ይታጠብ፤ ዚንክ ይልበስ፤ ይታጠብ፤ ይለበጥ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ይታጠብ» ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ለጆሮ ቢከብድም፣ ተርጓሚው ለአጻጻፍ ውበት ብሎ አንዱንም አይቀንስ፤ ሳይታጠብ ያለፈ ኮስቲክ ሶዳ የሚቀጥለውን የአሲድ ገንዳ ያበላሻል።