የሩቅ ባሕር ዐውሎ ነፋስና የጋይንት ደጋ

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የጉናን ተራራ ጎን ይዞ ወደ ምሥራቅ ከዘለቀ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደተቀመጠችው የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ነፋስ መውጫ ትባላለች። ስሙ ለጌጥ የተሰጠ አለመሆኑን ለመረዳት በየካቲት ወይም በመጋቢት ወር ከሰዓት በኋላ በዚያ ማለፍ ይበቃል። ከገደሉ ሥር ሲሞቅ የዋለው የቆላ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከደጋው ብርድ ጋር ይጋጠምና አቧራውን፣ ገለባውን፣ አንዳንድ ጊዜም የቤቱን ክዳን ይዞ ይሄዳል።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ነፋስ ብሎ የሚያውቀው ይህንን ነው። በውቅያኖስ ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች የሚፈሩት ታላቁ ዐውሎ ነፋስ ግን ከዚህ አገር ደርሶ አያውቅም፤ ሊደርስም አይችልም። ያ ነፋስ ኃይሉን የሚያገኘው ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ የባሕር ውሃ ሲሆን፣ የብስ ከረገጠ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ይደክማል። በቅርብ ዘመን ለኢትዮጵያ እጅግ ከቀረቡት አንዱ ሳጋር የተባለው ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ሶማሌላንድን መታ፤ ጅቡቲን አጥለቀለቀ፤ ዝናቡም ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ዘለቀ። ከዚያ እስከ ጉና ያለው ርቀት ግን ብዙ ነው። እንግዲህ የሩቅ ባሕር ዐውሎ ነፋስ ከጋይንት ገበሬ ጋር ምን ግንኙነት ይኖረዋል ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ግንኙነቱ አለ፤ ይኸውም በዝናብ መቅረት በኩል የሚመጣ ነው። ይህ በሳይንስ የታወቀው ዘግይቶ ሲሆን፣ ሕዝቡ ግን መዘዙን ሲችለው የኖረው ከዚያ በፊት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የጉና ከፍታ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ጉማራና ርብ ከእርሱ ተነሥተው በምዕራብ በኩል ወደ ጣና ይወርዳሉ። በምሥራቅና በደቡብ ያለው አገር ግን በጥልቅ ሸለቆ የተቆራረጠ ነው፤ የስማዳ ውሃ በበሽሎና በሌሎች ገባሮች አድርጎ ወደ ዐባይ ይገባል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላሉ። ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ ታች ጋይንቷ ዐርብ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ስማዳዋ ወገዳ የሚጓዝ ሰው በጥቂት ቀን መንገድ ውስጥ ከገብስ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍም ወደ ማሽላ ይሸጋገራል። ዋናው ዝናብ የክረምቱ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ በአንዳንድ የደጋ ቀበሌዎች ለሚዘራው ገብስ፣ በቆላው ቀድሞ መዘራት ላለበት ማሽላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በበጋ ለከሳው በሬ ሣር የሚያበቅለው እርሱ ነው። በልግ የቀረ እንደሆነ ክረምቱ ቢዘንብም እንኳ ሞፈርና ቀንበር የሚሸከም በሬ ላይገኝ ይችላል። ይህንን ነጥብ ብዙ የከተማ ሰው አያስተውለውም።

በደጋው ከነፋስም ይልቅ የሚፈራው በረዶ ነው። ገብሱ በመስከረም እሸት ሲይዝ ከጉና በኩል የሚወርድ ደመና በአንድ ሰዓት ውስጥ የዓመቱን ድካም ከመሬት ሊደባልቀው ይችላል፤ ጎረቤት ደግሞ ሳይነካ ይቀራል። ይህ አንዱን መትቶ ሌላውን የሚያልፍ ጠባዩ በረዶን ከድርቅ የተለየ መከራ ያደርገዋል። ድርቅ ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያስርብ የሚያበድር ሰው ይጠፋል፤ በረዶ ግን የተረፈለትን ለጠፋበት አበዳሪ ያደርጋል። በደብተራ ጸሎት በረዶን መመለስ ይቻላል የሚለው እምነት በሰሜኑ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የቆየ ነው። በዘመናዊ ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ገበሬው ከጸሎቱ ጋር ሌላም ሥራ ይሠራ ነበር፤ ማሳውን በአንድ ቦታ አያኖርም፤ አንዱን ከኮረብታው፣ ሌላውን ከሸለቆው አፋፍ፣ ሦስተኛውንም ከወንዙ ዳር ይይዛል። የግብርና ባለሙያዎች የማሳ መበታተን ለሥራ አይመችም ብለው ይተቹታል፤ ትችታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በረዶ አንዱን ማሳ ሲመታ ሁለቱን የሚተውለት በዚሁ መበታተን ምክንያት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በዚህ አገር ከተመዘገቡት መከራዎች ሁሉ የከፋው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የዘለቀውና ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የጠራው ነው። በጌምድር ወደዚያ ዘመን የገባው አስቀድሞ ቆስሎ ነበር፤ በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን ዘርፎ አቃጥሏል፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በዚያው ዘመን በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት እጅግ የሚበዛውን ፈጀ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከታተሉበት። አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ከድርቁ ይልቅ የከብቱ እልቂት የበለጠ ያስደነግጣል፤ ምክንያቱም በኋላ ዝናብ ሲመለስ የሚያርስ በሬ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንሥተው መቆፈራቸው የተነገረላቸው ስለዚህ ነበር፤ በበሬ ማረስን ክብሩ አድርጎ የያዘውን የደጋ ገበሬ በእጁ እንዲቆፍር ለማሳመን ከዚህ የቀለለ መንገድ አልተገኘም። ዓለም ከዚህ የከብት በሽታ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

የመንገድም ነገር ከዚህ ጋር አብሮ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን በየገደሉ እያስፈለጡ ስለሄዱ ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ወስዶባቸዋል። መድፍ ያስቸገረው አገር እህልንም ያስቸግራል። በክፉ ቀን እህል ካለበት ወደሌለበት የሚያጓጉዝ የጋማ ከብትም መንገድም አልተገኘም። ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ ቻይናውያን የሠሩት በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ለላይ ጋይንት ትልቅ ለውጥ አመጣ። ስማዳና ታች ጋይንት ግን ከዚያ መስመር ወደ ደቡብ ርቀው የሚገኙ በመሆናቸው ጥቅሙ የደረሳቸው በከፊል ነው።

የዚህ አገር ሰው ችግር ሲመጣ የሚወስደው እርምጃ ሥርዓት አለው። ዝናቡ እንደሚቀር ሲጠረጥር በመጀመሪያ ጠላው ይቀራል፤ ቀጥሎ የቁርሱ እንጀራ ይቀንሳል። ዶሮው፣ ከዚያም በግና ፍየሉ ለገበያ ይወጣል። ወጣቱ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። አንድ በሬ ብቻ የቀረለት ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። በሬው የሚሸጠው በመጨረሻ ነው፤ ከበሬው በኋላ የሚቀረው የዘር እህል ብቻ ነው፤ የዘር እህል ከተበላም አገር ጥሎ መሄድ ይከተላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ርኃብ የተጀመረው ሕዝቡ በመንገድ ላይ ሲታይ ነው። በገበሬው አቆጣጠር ግን ያ የነገሩ መጨረሻ ነው። ሰው እየተራበ በሬውንና ዘሩን ሲጠብቅ የታየው የነገውን ዓመት ከዛሬው ሆድ በማስቀደሙ ነው።

የ1977 ዓ.ም. ርኃብ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ያፈረሰ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ሳይበቃ ሄደ። ጋይንት በቀድሞው የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር አንድ አውራጃ ነበር። በስተምሥራቅ ከወሎ ጋር ይዋሰናል፤ በወሎ ላይ የወረደውም ድርቅ ወሰን አላገደውም። ማስጠንቀቂያ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ አገሮች ተወካዮች ስለሚመጣው ችግር በአዲስ አበባ ገለጻ አድርገዋል። የሰማው እንጂ የተንቀሳቀሰው ጥቂት ነበር። መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት አከበረ፤ ዓለም የነቃው ከአንድ ወር በኋላ የኮረም መጠለያ በቴሌቪዥን ከታየ ወዲያ ነው። ከዚያም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎች ከሰሜንና ከመካከለኛው አገር ተነሥተው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰዱ። አንዳንዱ ወዶ፣ ብዙው ተገዶ ሄደ።

እንግዲህ የሩቁ ባሕር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጥር 1976 ዓ.ም. ዶሞይና የተባለ ዐውሎ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ ሞዛምቢክን፣ ስዋዚላንድንና ደቡብ አፍሪካን በጎርፍ መታ። በሚያዝያ ደግሞ ካሚሲ የተባለው ሰሜናዊ ማዳጋስካርን አፈራረሰ። በዚያ የሰው ቤት በውሃ ሲወሰድ በጋይንት የበልግ ማሳ ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ዝምድና አለ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም ለማለት ይቻላል። ኢትዮጵያዊው የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ዱላ ሻንቆና ፈረንሳዊው ፒየር ካምበርሊን በ1990 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎ ነፋሶች በተከታታይ የሚነሡባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ ከድርቅ ዓመታት ጋር የሚገጣጠሙ መሆናቸውን አሳዩ። ዐውሎ ነፋሱ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል፤ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ የሚገባው እርጥብ አየር አቅጣጫውን ይስታል። በርግጥ የ1977ን መከራ በዐውሎ ነፋስ ብቻ ማመካኘት ስሕተት ነው። የሌሎች ውቅያኖሶች ሙቀትም ድርሻ አለው፤ ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ ደግሞ የዝናብ እጦትን ወደ እልቂት ለውጠውታል።

ዐውሎ ነፋስ በሌላም መንገድ መጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መኩኑ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ሉባን የተባሉት በዓረቢያ ባዶ ምድረ በዳ ላይ ዝናብ አወረዱ። ምድረ በዳው ለመለመ፤ የበረሃ አንበጣም ሰው በማይደርስበት ስፍራ ተዋልዶ በዛ። መንጋው የመንን ተሻግሮ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ገባ፤ በኋላም በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ዞኖች የደረሰ ሰብል በላ። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ነበር። አንበጣ የአምላክ ቁጣ ነው እየተባለ በኖረበት አገር፣ መነሻው የኦማን ዝናብ ነው ቢባል ለጊዜው የሚያምን ይኑር አይኑር፣ ጠቃሚነቱ ግን ግልጽ ነው፤ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ሆኗል።

በዐውሎ ነፋስ አገሮች ከጎርፉ ቀጥሎ የሚመጣው መከራ ጨለማ ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ የደሴቲቱ የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ ወድቆ፣ ለመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት የተመለሰው ወደ 11 ወር ገደማ ቆይቶ ነው። የሞተው ሰው ብዛት በነፋሱ ከወደቀው ይልቅ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሕክምና በማጣት ተበራክቷል። ጋይንት በጨለማ በኩል ልምድ አለው። ከጉና የሚወርዱት ጉማራና ርብ ወደ ጣና ገብተው፣ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ያለውን የጣና በለስ ጣቢያ ያንቀሳቅሳሉ። ነገር ግን ከተራራው ሥር ያለው የገጠር ቤት አብዛኛው ከመስመሩ ውጭ ሆኖ በኩራዝና በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ትንሽ ፋኖስ ሲያመሽ ኖሯል። መብራት የገባላቸው ከተሞችም ነፋስና ዝናብ በበረታ ቀን መቆራረጡን ለምደውታል። የመብራት መጥፋት በመጀመሪያ የሚጎዳው አምፖሉን አይደለም፤ ወፍጮውን ነው። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲቆም ናፍጣ ያለው ባለ ወፍጮ ዋጋ ይጨምራል፤ ናፍጣም ሲጠፋ እናቶች ለልጆቻቸው እንኳ ትተውት ወደነበረው የድንጋይ ወፍጮ ይመለሳሉ። ቀጥሎ የሚቆመው ስልክ ነው። ዛሬ የገበያ ዋጋም የአየር ትንበያም ወደ ገበሬው የሚደርሰው በሬዲዮና በስልክ በመሆኑ፣ የጨለማው ጉዳት ከምሽት እራት አልፎ እስከ ማሳው ይዘልቃል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምርታማ ሴፍትኔት ፕሮግራም በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ሥራ ላይ ውሏል። ችግረኛው ቤተሰብ በእርከን፣ በመንገድና በውሃ ሥራ ተሠማርቶ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። የፕሮግራሙ ዓላማ በተራዘመ ቋንቋ ቢጻፍም፣ በገበሬው አነጋገር ሲተረጎም በሬው እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። በብዙ ቤት ተሳክቷል፤ እርዳታው በዘገየባቸው ወራት ግን በሬው መሸጡ አልቀረም።

የሜትዎሮሎጂ ተቋሙ የበልግን ትንበያ የሚያወጣው የበጋው ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያ ወራት በላይ ጋይንት ደጋ ያለ ገበሬ በጎታው ውስጥ ያለችውን የገብስ ዘር ለበልግ ይዝራት ወይስ ለክረምት ያቆያት የሚለውን ከቤተሰቡ ጋር መምከር ይጀምራል። በሞዛምቢክ ወሽመጥና በማዳጋስካር ዙሪያ የዐውሎ ነፋሱ ወራት የሚበረታውም በዚያው ሰሞን ነው። የአንድ ጎታ ዘር የሁለት ጊዜ እርሻ አይሆንም፤ በደረቅ መሬት የተዘራ ገብስ ደግሞ ተለቅሞ ወደ ጎታ አይመለስም።