ሐሳዊው ሊምፎማ

ሳንባ በግእዝ ሳንቡእ ነው። ትግርኛ የመጨረሻዋን «እ» ይዞ ቀረ፤ አማርኛ ጣላት። ነቀርሳ ደግሞ በአማርኛ ሁለት ደዌ ይጠራል፦ ብቻውን ካንሰርን፣ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲሆን ግን ቲቢን። «የሳንባ ካንሰር» ለማለት የባዕድ ቃል መዋስ ግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ከሳንባ ካንሰሮች መካከል ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው እዚያው ሳንባ ውስጥ የሚጀምር ሊምፎማ ነው። ሊምፋ በላቲን ኩልል ያለ ውሃ ማለት ነው። ጥንት «ሉምፓ» ይባል ነበር፤ አጻጻፉን የለወጠው የምንጭ አማልክት ስም የሆነው የግሪኩ ኒምፌ ነው። ቶማስ ባርቶሊን በ1653 የሰውነትን ፈሳሽ መተላለፊያዎች በዚህ ውሃ ሰየማቸው። «ኦማ» እብጠትን የሚያመለክት የግሪክ ቅጥያ ነው።

በሳንባ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ማልት ይባላል። ፒተር አይዛክሰንና ዴኒስ ራይት በ1983 የለዩት ነው፤ ስሙ የረጅም ሐረግ ምሕጻር ነው። በእንግሊዝኛ ግን ማልት ብቅል ነው፤ ብቅልም የግእዙ በቈለ ልጅ። ግጥምጥሞሹ የአጋጣሚ ቢሆንም በኋላ እንመለስበታለን።

ደዌው ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት በተነሣ ራጅ ይገኛል፣ ወይም በመድኃኒት አልጠፋ ያለ የሳንባ ምች ይመስላል። በአጉሊ መነጽርም ሕዋሶቹ ትንንሽና ጨዋ መሳይ ናቸው፤ ታማሚዎቹም ለዓመታት ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ሳልዝስታይን የተባለ ሐኪም በ1963 ብዙዎቹን «ስዩዶሊምፎማ» አላቸው። «ስዩዶ» የግሪክ ሐሰት ነው፤ በእኛ ሐሰወ ከሚለው ግሥ የወጣው፣ «ሐሳዊ መሲሕ» ያሰኘን ሐሳዊ።

ሐሰቱን ያጋለጠው ክሎን ነው። ክሎን በግሪክ ቀንበጥ ማለት ነው፤ ብቅሉ እዚህ ላይ ይመለሳል። ኢንፌክሽን ያነሣሣቸው ሕዋሶች ከብዙ ቀንበጥ ይበቅላሉ፣ የሊምፎማ ግን ሁሉም ከአንድ። ባዮፕሲ (ባዮስ ሕይወት፣ ኦፕሲስ ማየት) ከሳንባው ናሙና ያወጣል፤ ዘረመሉ ሲነበብ የቀንበጡ አንድነት ይታወቃል። በዚህ መንገድ ከ«ሐሳውያኑ» ብዙዎቹ እውነተኛ ማልት ሆነው ተገኙ።

ዳያግኖሲስ «ለይቶ ማወቅ» ነው፤ የእኛ ልየታም ከግእዙ ሌለየ ጋር ዘመድ ነው። አማርኛ የነገር ቁርጥ ሲታወቅ «ለየለት» ይላል። ሐሳዊው ሊምፎማ የለየለት በዓይን ሳይሆን በዘር ቆጠራ ነው።