የአስቀሎና ጠረፍና የገመድ ስሌት

በመጽሐፈ መሳፍንት ከሶምሶን ታሪክ ጋር ስሟ የሚነሣው፣ በዛሬውም ዘመን ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚኖሩባት አስቀሎና፣ በጥንት ዘመን የመርከብ በር እንደ ነበረች ሁሉ ዛሬ የመስመሮች መጋጠሚያ ሆናለች። በ1967 (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሱዌዝ ቦይ ከተዘጋ በኋላ ከኤይላት የተዘረጋው፣ 254 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የነዳጅ ቧንቧ የሚያበቃው በእርሷ ዳርቻ ነው፤ በመሐንዲሱ በፒንሐስ ሩተንበርግ ስም የተጠራው ታላቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫም የቆመው በዚያው ጠረፍ ነው።

በባሕሯ ላይ የነፋስ ማመንጫ እስካሁን አልተተከለም። ሊተከል የታሰበ እንደ ሆነ ግን ተርባይኖቹን የት እናቁም ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ገመዱን በምን ሥርዐት እንዘርጋው የሚለው ነው፤ የዚህም ጥያቄ ታሪክ የሚጀምረው ከባሕር ርቆ በሞራቪያ ምድር ነው።

በ1926 ኦታካር ቦሩቭካ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ የሒሳብ ሊቅ፣ መብራት ሊገባላቸው የታሰቡትን ከተሞች ሁሉ እጅግ ባነሰ ሽቦ ማያያዝ እንዴት ይቻላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ እያንዳንዱ ከተማ አስቀድሞ ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር ይጋጠም፣ የተጋጠሙትም ማኅበራት በተራቸው ወደሚቀርባቸው ማኅበር ይዘርጉ፣ ሁሉም አንድ አካል እስኪሆኑ ድረስ ይኸው ይደገም ሲል መለሰ። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን የተገኘው ይህ መልስ ዛሬም አለመሻሩ እጅግ ያስደንቀኛል።

በባሕር ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ዴንማርክ በ1991 በቪንደቢ 11 ተርባይኖች በባሕር ላይ በማቆም ዓለምን ከቀደመች ወዲህ ማመንጫዎቹ ከመቶ በላይ ተርባይኖችን እስከ መያዝ አድገዋል፤ አንድ ገመድ የሚሸከመው ኃይል የተወሰነ ስለ ሆነ በላዩ የሚቀጠሉት ተርባይኖች ቍጥር ይገደባል፤ የታችኛው ቢበላሽ የላይኛውን ሳይነኩ ማንሣት ያስቸግራልና ገመድ በገመድ ላይ እንዲያልፍም አይፈቀድም። እነዚህ ገደቦች ሲደራረቡ የቦሩቭካ መንገድ ብቻውን አይበቃም፤ ሊሆኑ የሚችሉት አዘረጋጎች ከቍጥር በላይ ስለሚበዙ፣ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ ፍጹሙን ትተው ለፍጹሙ የቀረበውን ይቀበላሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እጅግ አነስተኛ ሽቦ የሚሻ ስሌት ትርፍ መስመር አይተውም፤ አንዱ ገመድ ቢበጠስ ከበስተኋላው ያለው ተርባይን ሁሉ ከአገልግሎት ይወጣል። አስቀሎና የአንድ መስመርን አደጋ በጋዝ አይታዋለች። ከግብፅ ከአሪሽ በባሕር ወለል የተዘረጋው ቧንቧ በ2008 ጋዝ ማድረስ ቢጀምርም፣ ከ2011 አንሥቶ በሲና ያለው መጋቢ መስመር ደጋግሞ ጥቃት ስለ ደረሰበት አቅርቦቱ እየተቋረጠ፣ በ2012 ውሉ ራሱ ፈረሰ፤ በ2020 መጀመሪያም በዚያው ቧንቧ ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ግብፅ ይፈስ ጀመር።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጠረፍ የሚነድፍ መሐንዲስ የመዳቡን ዋጋ ብቻ አይቍጠር። የሁለት መስመሮችን ጫፎች አገናኝቶ ቀለበት የሚያደርገው ትርፍ ገመድ፣ ምንም እንኳ በስሌቱ እንደ ብክነት ቢታይ፣ በእኔ አስተያየት ሊከፈልለት የሚገባ ነው።