ነፃ ነው፣ ባለቤት ግን አለው

«ነፃ» የምንለው ቃል ሁለት ሥራ አለበት። ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር ነፃ ነው፤ ጌታ የሌለበትም ነፃ ነው። ሁለቱን ስናምታታቸው ሰው ይበደላል።

ይህን ያነሣሁት በራፕ ምክንያት ነው። ሃምሳን የተሻገረ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ከራፕ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘችን ዋጃ ናት። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የራያ ከተማ ሻይ ስጠጣ፣ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ እስቲ ይሄንን ይስሙልኝ» ብሎ በርከት ያሉ አልበሞች በብሉቱዝ ላከልኝ። አሳታሚም ዋጋም የላቸውም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ቀድተው በነፃ የለቀቋቸው ናቸው። ከበሮው ደረቅ ነው፣ ቃሉ ግን ይጎርፋል። «ሥሩን ያልለቀቀ ሂፕ ሆፕ ማለት ይሄ ነው» አለኝ። ከዘፈኖቹ ግማሾቹ ግን የዘፋኝ ስም እንኳ የላቸውም፤ «ትራክ 3» ይላል፣ በቃ።

ሥሩ እንግዲህ ወዴት ነው? በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ነሐሴ ወር፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ብላ ጭፈራ አዘጋጀች። ሸክላ የሚያጫውተው ጃማይካ የተወለደው ወንድሟ ኩል ሄርክ ነበር። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው ያ ምሽት፣ እንዳያችሁት፣ በነፃ አልነበረም። በኋላ ጨዋታው ወደ መናፈሻ ወጣ፤ ያኔ ማንም መጥቶ ይሰማ ጀመር፣ በካሴት እየተቀዳም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

በ1979 «ራፐርስ ዲላይት» የተባለው ሸክላ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ከሦስቱ ድምፃውያን አንዱ፣ ቢግ ባንክ ሃንክ፣ የተጫወተው ግራንድማስተር ካዝ የተባለውን የብሮንክስ ልጅ ስንኝ ነበር። ካዝ ስሙም አልተጻፈ፣ ገንዘቡም አልደረሰው። መናፈሻ ላይ በነፃ የተሰማ ቃል ባለቤት የሌለው መስሎ ታየ።

እኛም ቤት ነገሩ አለ። አዝማሪ ፊት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚሰጠው ታዳሚ ለግጥሙ አይከፈለውም፤ እንዲያውም እሱው ነው አዝማሪው ግንባር ላይ ብር የሚለጥፈው። ስንኙ ነፃ ነው፣ ሽልማቱ ግን አይቀርም። ያን ሥርዓት ካሴት አፈረሰው። በየሰርጉና በየገበያው የተገጠመው «የሕዝብ» ተብሎ ታተመ፤ ሕዝብ ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም። ወሎ ባቲንና አምባሰልን የሚያህሉ ቅኝቶች ለአገር ሲሰጥ የቦታዎቹ ስም አብሮ ሄደ። ደራሲዎቹን ግን ማን ያውቃቸዋል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ከገንዘቡ ሌላ የሞራል መብት የሚለው አለው። የሥራው አመንጪ ተብሎ መጠራት ከዚህ ይመደባል። አንድ ልጅ አልበሙን በነፃ ሲለቅ ዋጋውን ተወ እንጂ ስሙን አልተወም። እንዲያውም ከኩባንያ ውጪ ለሚሠራ ሰው ስሙ ያለው ሀብት ሁሉ ነው፤ መድረክ የሚጠራው፣ ነገ ቲኬት የሚያስቆርጥለት እሱው ነው።

ልጆቻችን ሙዚቃ በነፃ መቀባበላቸውን አልቃወምም። ጥንትም ዘፈን የተስፋፋው በዚሁ መንገድ ነው። ግን ዘፈኑን ስናቀብል ስሙንም እናቀብል፤ «ትራክ 3» የሚለውን አጥፍተን የሠራውን ሰው ስም እንጻፍበት። ስልኩ ከዚያ በኋላ ለሚቀበለው ሁሉ ስሙን ያደርስለታል፤ ግንባሩ ላይ ብር ለመለጠፍም መጀመሪያ ማን መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።