የደብረ ሊባኖስ አቀበትና ከዐለቱ የሚወርደው ጠበል

ደብር ማለት በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ስለዚህ የደብርን ስም የሚጠራ ሁሉ ሳያስበው አቀበትን ይጠራል።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በታላቅ ገደል ሥር ይገኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ አለ። መንገዱ አጭር ነው፤ ነገር ግን አቀበቱ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ጕልማሳም ቢሆን ትንፋሹን ሳይሰበስብ አይደርስም። በዋሻው ውስጥ ጠበሉ ከዐለቱ ይንጠባጠባል፤ በክረምትም ከገደሉ አናት ፏፏቴ ይወርዳል።

አባታችን በ13ኛው መቶ ዓመት በመጡ ጊዜ የስፍራው ስም ደብረ አስቦ ነበረ። ገድላቸው እንደሚነግረን በጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰበረ። ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ፤ ከ57 ዓመትም በኋላ በአቡነ ሕዝቅያስ ዘመን ዐፅማቸው ከዋሻው ፈለሰ፤ በዓሉም ግንቦት 12 ቀን ይከበራል። ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

በ1523 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለ። በእጅ የተሠራው ተቃጠለ፤ ዋሻውና ውኃው ግን ቀሩ፤ መነኮሳቱም ከጊዜ በኋላ ተመለሱ።

ከዚያ የከፋው በ1929 ዓ.ም. ሆነ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለ ተጣለ ፋሺስቶች ገዳሙን በተባባሪነት ወነጀሉት። የፍልሰተ ዐፅሙ በዓል ምእመናንን ከሩቅም ከቅርብም በሰበሰበበት ጊዜ ወታደሮች ገዳሙን ከበቡ፤ ግንቦት 13 ቀንም መነኮሳቱንና እንግዶቹን ላጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ወስደው ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና ሌሎች 23 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ቍጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሰዋል። ለበረከት ወደ አባታቸው በዓል የመጡ ሰዎች በዚያው መንገድ ወደ ሞት ተነዱ።

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ዋሻው ስትወጣ የገደሉን ውበት አይተህ ፈጣሪን አመስግን፤ ትንፋሽህ ባጠረ ጊዜም ቆም ብለህ ሳይመለሱ የቀሩትን በጸሎት አስብ። ዛሬ የቆመው ታላቅ ሕንፃ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸ ነው፤ በዓሉ ግን ከሕንፃው ይቀድማል፤ ያቈየውም የወጪው ሕዝብ እግር ነው። እኛም የአጥቢያችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር ግንቡን ብቻ አንቍጠር። ግንብ ያረጃል፤ ይፈርሳልም። ደብር ደብር የሚሆነው ወደ እርሱ የሚወጣ ትውልድ እስካለ ድረስ ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችንን እጃቸውን ይዘን እናውጣቸው።

የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋራ ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።